ጫማው ከደጅ ሲገባ፦ የእሑድ አምልኳችን ከየት ወዴት

(አዳማ ላይ በአንድ የወጣቶች ምሽት ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የጋበዙኝ ወጣቶች የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችንን «የመሠረተ ክርስቶስን የአምልኮ ታሪክ በአርባ ደቂቃ» ብለው ነው የጠየቁኝ። የሰባኪ አርባ ደቂቃ ስንት እንደሆነ ሁላችሁም ስለምታውቁ አልተጨነቅሁም። እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የተጠራሁትም ለእውቀቴ ሳይሆን እናቴ ሳሎን ውስጥ ስላደግሁ ይመስለኛል። ስለዚያ ሳሎን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ባለፈው እሑድ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያደረግነውን አስታውሱ። መክፈቻ ጸሎት ነበረ፣ ከዚያ ቆመን ለረጅም ጊዜ ዘመርን፣ መዘምራን መጡ፣ ማስታወቂያ ተነበበ፣ መባ ተሰበሰበ፣ ስብከት ተሰማ፣ በመጨረሻ «ሊጸለይለት የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ» ተባለ። አንድ ልጅ በቀደም ዕለት «ጋሼ፣ ይህ ቅደም ተከተል በመጽሐፍ ቅዱስ የት ቦታ ነው ያለው?» ብሎኛል። የትም የለም። ማንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አልነደፈውም። አንዱ ከሆስፒታል መጣ፣ አንዱ ከእንግሊዝኛ ትምህርት፣ አንዱ ደግሞ በራችን ላይ ከተለጠፈ እሽግ።

ከሆስፒታሉ ልጀምር። ከፕሮቴስታንት ወገን የሆነው የሜኖናይት እምነት ተከታዮች ከአሜሪካ ወደ አገራችን የመጡት ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ለእርዳታ ሥራ ነው። ያኔ ናዝሬት በምትባለው በዚችው ከተማ፣ ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ቤት ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ማለት ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፍሏት ነበር። አንዱ ክፍል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ሲሆን ሚሲዮን እዚያ ማከምና ማስተማር እንጂ ሰውን ወደ ራሱ እምነት ማስገባት አይችልም፤ ሌላው ክፍት ክልል ነው። ደንቡ ሌላም ነገር አዝዟል፤ ሚሲዮኖች በአማርኛ እንዲያስተምሩ። የእኛ አምልኮ ገና ከጠዋቱ በአማርኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ በኦሮምኛ እያወራ፣ አሜሪካዊው ሐኪም አማርኛ እየተንተባተበ፣ ጸሎቱ ግን በአማርኛ። ዛሬ በአፋን ኦሮሞ የሚያመልኩ ጉባኤዎቻችንን ሳይ ይህ ወረቀት ስንት ዓመት እንዳስቆየን አስባለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው «የሳምንት ስብሰባችን» ሳምንታዊ እንኳ አልነበረም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ተሰብስበው ቃል ያነብባሉ፤ ታካሚው ከአልጋው ሆኖ ይሰማል። ድሬሰር፣ ማለትም የሕክምና ረዳት፣ ለመሆን የመጡት ወጣቶች ከቁስል ማጠብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ይማራሉ። እሑድ ሲሆን ይኸው ልማድ ረዘም ብሎ ይደገማል። አጭር ንባብ፣ አጭር ጸሎት፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መዝሙር በዝግታ። ወንዶች በአንድ በኩል ሴቶች በሌላ በኩል ይቀመጡ ነበር፤ ይህን ደግሞ ያመጡት አሜሪካውያን አልነበሩም፤ ከየሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ይዘነው የሄድነው የራሳችን ሥርዓት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ አንድ አባት «ሰዓቱን በሰዓት ነበር የምንጀምረው፣ ዶክተሩ ቀዶ ሕክምና ስለነበረበት» ብለውኛል። እሑድ ጠዋት አርፍዳችሁ ስትመጡ እኒህን አባት አስቧቸው።

ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ነው። በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ብለው ከአንድ የሆስፒታሉ ሐኪም ጋር የዮሐንስ ወንጌልን ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዝኛው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ወንጌሉ ግን ያዛቸው። «የሰማይ ብርሃን» የተባለው እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ነው። እነዚህ ልጆች ለብቻቸው ተሰብስበው ለሰዓታት ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ በልሳን ይናገራሉ፣ እጃቸውን ያነሣሉ። በሚሲዮን ቤት ጸጥታ የሠለጠነ ሽማግሌ ይህን ሲያይ ምን ሊል እንደሚችል ገምቱ። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች በተማሪዎች መካከል ተመሳሳይ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው ከዚያ ትውልድ ነው። መንግሥት ግን ፈቃድ ነፈጋት። በ1964 ዓ.ም. ተሰብስበው ሲያመልኩ የተገኙ ብዙ ሰዎች ታስረዋል። «ጴንጤ» የሚለው ስድብም ያኔ ነው ሥር የሰደደው፤ አሁን ራሳችንን የምንጠራበት ስም ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ተደብቆ ማምለክ በደርግ አልተጀመረም። ደርግ ከመምጣቱ በፊት መዝሙር ዝቅ አድርጎ መዘመር የለመዱ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ።

የሰማይ ብርሃን ልጆች በኋላ ወደ መሠረተ ክርስቶስ ተጠቃለሉ። እነሱ ሲገቡ እሑዱ ተቀየረ። ሁሉም በአንድ ላይ ድምፅ አውጥቶ የሚጸልይበት ሰዓት፣ ምስክርነት፣ በራሳችን ዜማ የተደረሰ መዝሙር፣ «ወደ ፊት ኑ» የሚለው ጥሪ፣ እነዚህ ሁሉ የነሱ እጅ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ ስለ ድምፅ ማጉያው የሚያጉረመርሙ ሽማግሌዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ በዚያን ጊዜ ሲያስቸግሩ የነበሩት ልጆች ታናናሾች መሆናችንን መደበቅ አንችልም።

አሁን ወደ ሳሎኑ ደረስን።

ከአብዮቱ በኋላ መጀመሪያ የተወሰደብን አዳራሹ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራል፤ የልማት ዘመቻም እሑድ ጠዋት ይወጣል። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። ስለዚህ አምልኮው ቀስ እያለ ወደ ማለዳ፣ ወደ ማታ፣ ወደ ሌላ ቀን መሸሽ ጀመረ። በየቦታው የሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በር አንድ በአንድ ሲዘጋ መሠረተ ክርስቶስ ለጥቂት ዓመታት ቆይታለች። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ተራዋ ደረሰ። ዕለቱ እሑድ ነበር። በሮች ታሸጉ፣ ሕንፃዎች ተወረሱ፣ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ መሪዎች ታሰሩ፤ ስድስቱ ከአራት ዓመት በላይ ወህኒ ቤት ቆይተዋል።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ እሑድ ጠዋት ንጹሕ ልብሴን አልብሳኝ፣ የምንሄድበት ስለሌለ አልጋ ላይ ተቀምጣ ዝም ማለቷን ነው። ልብሱን ደግሞ አላስወለቀችኝም። ቀኑን ሙሉ የእሑድ ልብስ ለብሼ ቤት ዋልሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤታችን ቡና የሚጠጡ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ረቡዕ ሊሆን ይችላል፣ ሐሙስ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ አይታወቅም፣ በወረቀት አይጻፍም። አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰው። ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ መገኘት ስለሚያስጠይቅ ሁልጊዜ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከቡና የተሻለ ምክንያት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ቡናው በእውነት ይቆላል፣ ጭሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ሬዲዮናችን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የአብዮት መዝሙር በኃይል ያሰማል። እነሱ ከጀርባው የጌታን መዝሙር ያንሾካሽካሉ። ሲያጨበጭቡ በሁለት ጣት ነበር፤ የአንዱ እጅ ሁለት ጣት የሌላውን መዳፍ ይነካል፣ ድምፁ ዝናብ ሊጀምር ሲል ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፉት የመጀመሪያ ጠብታዎች ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ከመሶቡ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የጌታ ራት ሲሆን እናቴ ዘቢብ ከማታው ዘፍዝፋ ትጨምቃለች፤ ስኒዎቹ የቡና ስኒዎች ናቸው።

የኔ ሥራ ጫማ ነበር። ሰባት እንግዳ ቢመጣ ደጃፍ ላይ ሰባት ጥንድ ጫማ ይደረደራል፤ ያንን ያየ የቀበሌ ዘብ ቁጥር ማወቅ አያቅተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ጫማውን አንሥቼ አልጋ ሥር አስገባለሁ፣ ደጅ ላይ የኔንና የእናቴን ብቻ እተዋለሁ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ቆርኪ እጫወታለሁ። ሲወጡም አብረው አይወጡም፤ አንዱ ከሄደ በኋላ ጥቂት ይቆያል፣ ሌላው ይከተላል። ሒሳብን የወደድሁት እዚያ ይመስለኛል፤ የማን ጫማ የቱ እንደሆነ አንድ ቀንም ተሳስቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን አንዲት አዛውንት ነበሩ፣ የእመቤታችን ማኅበርተኛ፣ ጾም የማያፈርሱ የተዋሕዶ ሰው። እምነታችንን አይወዱትም፤ ለእናቴም ፊት ለፊት ነግረዋታል። ነገር ግን የቀበሌው ሰው በሰፈራችን ብቅ ሲል ዶሯቸው የጠፋች ይመስል «ኩቱ! ኩቱ! ኩቱ!» እያሉ አጥራችን ጥግ ድረስ ይመጡ ነበር። ዶሮ እንዳልነበራቸው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እኚህን ሴት ሳልጠቅስ ስለዚያ ዘመን መናገር ነውር ነው፤ የኛን ታሪክ ስናወራ ሁልጊዜ ራሳችንን ብቻ ጀግና እናደርጋለንና።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። አንድ ቡድን የሚያውቀው የራሱን ሰዎች ብቻ ነው። የቡድን መሪዎች ደግሞ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን፣ እነሱም ጥቂት ሆነው ይገናኛሉ። አንድ ሰው ቢያዝ ሊናገር የሚችለው ትንሽ ነው። ቁጥሩ ከሰባት ካለፈ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ሲከፈል አዲሱ ግማሽ መሪ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በየሳሎኑ ትናንት አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ማስተማር ግድ ሆነበት። ሴቶች በተለይ። ዘንቢል ይዛ ከሰፈር ሰፈር የምትሄድን ሴት ማን ይጠረጥራል? እሑድ በአዳራሽ ሳለን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩት እናቶች ያንን ዘመን በእግራቸውና በአፋቸው ተሸክመውታል።

እዚህ ላይ ሒሳብ አስተማሪነቴ ይለቀቅልኝ። በሩ ሲዘጋ 14 ጉባኤዎችና 5,000 ገደማ አባላት ነበሩ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ስንወጣ ቁጥሩ 34,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ጉባኤዎቹም 53። አስሉት፤ በየዓመቱ ከመቶ 20 የሚበልጥ ዕድገት ነው፣ ማለትም በየሦስት ዓመት ተኩሉ እጥፍ መሆን። ሰባኪዎች ይህን ሲያብራሩ ስለ ስደትና ስለ በረከት ይናገራሉ፤ አልቃወምም፣ አሜን እላለሁ። የኔ ማብራሪያ ግን ዝቅ ያለ ነው። ሰባት ሲሞላ መከፈል ግዴታ የሆነበት ስብሰባ ወንበሩ አይሞላም። ሁልጊዜ ባዶ ቦታ አለ፣ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ይፈለጋል። ዛሬ አዳራሽ ሲሞላ ምን እናደርጋለን? ግድግዳ እናፈርስና እናሰፋለን።

አንዳንዶቻችሁ የቤት ኅብረታችን፣ ዛሬም በየቤቱ በጥቂት ሰው የምናደርገው ስብሰባ፣ በቤት ቡድኖቿ ከታወቀችው የደቡብ ኮሪያዋ የሴኡል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ይመስላችኋል። በሥልጠና ወረቀቶች ላይ ያሉት ሥዕሎችና ቀስቶች ከዚያ መጥተው ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን የመጣው በራችን ላይ ከተለጠፈው እሽግ ነው። እናቴ ሴኡል የት እንደሆነች አታውቅም ነበር።

አደባባይ የወጣንበትን የመጀመሪያ ቀን ልንገራችሁ። ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥሩ አግዳሚ ተደርድሮ ነበር። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። አንድ መዝሙር ተጀመረ፤ ግጥሙን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ግን ሕዝቡ ድምፁን በሙሉ ለቀቀውና ዜማው ወደ ላይ ወጣ፣ እኔ ወደማላውቀው ቦታ። ያ መዝሙር ከፍ የሚል ክፍል እንዳለው አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ነበር የሚያሰሙት። ወደ እናቴ ዞርሁ፤ እሷም እንደ እኔ በሹክሹክታ እየዘመረች ነበር። ዙሪያዋ ሁሉ እየጮኸ፣ እሷ በሁለት ጣቷ ታጨበጭባለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። ሸራው ቆርቆሮ ሆነ፣ ቆርቆሮው ብሎኬት ሆነ። ኪቦርድ መጣ፣ ከዚያ ጊታር፣ ከዚያ ድራም። «ፕሮግራም መሪ» የነበረው ሰው ወደ «አምልኮ መሪ» ተቀየረ፤ ከስሙ ጋር ሰዓቱም ረዘመ። ማስታወቂያ የሚባለው ነገር ራሱ የአደባባይ ዘመን ልጅ ነው፤ በሳሎን ዘመን ቀንና ቦታን ጮክ ብሎ መናገር ሰውን ማስያዝ ነበር። መሠረተ ክርስቶስ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት አገር አቀፍ የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ብዙ አባላት ያላት ናት፤ ለአባቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩት የአሜሪካኖቹ ልጆች አሁን መጥተው እኛን ይጠይቁናል።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ የየአገሩ ኑሮ ያስቀመጠላቸውን ቅርጽ ይዘዋል። አሜሪካ ያሉ ብዙ ጉባኤዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሰበሰቡት፤ ጠዋት የሕንፃው ባለቤቶች ያመልኩበታላ። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ለዓመታት የኖረችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «የእሑድ አምልኮ ዓርብ ነበር» ትላለች፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ስለነበር። አሠሪዋ ዓርብን የከለከላት ሳምንት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ሌሊት ትሰማ ነበር። እሷ ስትነግረኝ የታየኝ የእናቴ ሬዲዮን ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሳልናገረው ብወርድ ሕሊናዬ አይተወኝም። በሳሎኑ ሰባት ሰው ሲሰበሰብ ሰባቱም ይናገር ነበር። ያላነበበ ይጸልያል፣ ያልጸለየ ይጠይቃል፣ ያልጠየቀ ቢያንስ ቡና ያቀርባል። ባለፈው እሑድ ስንት ሰው እዚህ ነበረ? ከነዚያ ውስጥ ድምፁ የተሰማው ስንት ነው? ዘጠኝ ቆጥሬአለሁ፣ መዘምራኑን ሳይጨምር። ድምፅ ማጉያው በጣም ከመጮኹ የተነሣ አጠገቤ ያለው ሰው እየዘመረ ይሁን እያዛጋ መለየት አልቻልሁም። የቤት ኅብረቱ ደግሞ «የሳምንቱ አጋማሽ ፕሮግራም» ተብሎ በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን ሲያነሣ ይነገራል። እኔ ከሁለቱ የቱ ዋና የቱ ተጨማሪ እንደሆነ ተገልብጦብናል ባይ ነኝ። ሽማግሌዎቻችን በዚህ አይስማሙም፤ ከንግግሬ በኋላ እንደሚገሥጹኝም አውቃለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ይህ አዳራሽ ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። አምልኮው በቴሌቪዥንና በስልክ ሆነ። እኛ ቤት ባለቤቴ፣ ልጄ፣ እኔና እናቴ፣ በትክክል አራት ነን። የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፈተና ድምፁን ጨመረው። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ መጋረጃውን ሳበች። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፤ አንዳንድ ቀን ቀኑን ትረሳለች። ልጄ «እማማ፣ ለምን ዘጋሽው?» ብሎ ሲጠይቃት አልመለሰችለትም። ወደ በሩ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ የልጁንና የባለቤቴን ጫማ አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች፣ አልጋ ሥርም አስገባቻቸው። የኔንና የራሷን ደጅ ላይ ተወቻቸው።

ተመልሳ ስትቀመጥ ሪሞቱን ከልጄ እጅ ተቀብዬ ድምፁን ዝቅ አደረግሁት።